ስለ ረቂቅ መለኪያና ስለ ነርቭ ሕዋስ ኀይል

ከሰው ልጅ ደዌ መካከል አንዳንዱ እንደ ደራሽ ውኃ በድንገት መጥቶ ወይ ይዞ ይሄዳል ወይ ጥሎ ያልፋል። አንዳንዱ ግን እንደ ምስጥ ነው፤ ከግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ምሰሶውን ብዙ ዘመን ሲበላ ይኖራል እንጂ ድምፁ አይሰማም፤ ባለቤቱም ነገሩን የሚያውቀው ቤቱ ማዘንበል ሲጀምር ነው። የአንጎልን የነርቭ ሕዋሳት እያመነመኑ የሚያጠፉት በሽታዎች ሁሉ፥ ይልቁንም ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ ደዌ፥ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ ያሰብነው፥ ምስጡ ምሰሶውን ሳይጨርስ ድምፁን ለመስማት የዓለም ሊቃውንት ስለ ሠሩት እጅግ ረቂቅ መለኪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሎንዶን ከተማ ሐኪም የነበረው ጀምስ ፓርኪንሰን በ1817 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የ6 በሽተኞችን ሁኔታ ጻፈ፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹን ያያቸው በመንገድ ሲያልፉ ብቻ ነበር። እጃቸው ባረፈበት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፥ ወደ ፊት አጎንብሰው እንደሚሄዱ፥ እርምጃቸውም ሳይወዱ ወደ ሩጫ እንደሚለወጥ በጥንቃቄ አስረዳ፤ ምክንያቱን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1919፥ ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ የተባለ ሊቅ በፓሪስ የሞቱትን በሽተኞች አንጎል መርምሮ፥ ከአንጎል ግንድ ላይ ስለ መልኩ «ጥቁር አካል» ከተባለው ስፍራ ያሉት ሕዋሳት አልቀው እንደሚገኙ አስታወቀ። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ነገር የሚሠሩ ናቸው፤ የሰውነት እንቅስቃሴም የሚታዘዘው በዚሁ በዶፓሚን አማካይነት እንደ ሆነ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ታውቋል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የበሽተኛው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምርና ወደ ሐኪም ሲመጣ ከእነዚህ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው አስቀድሞ ሞቷል። ሐኪሙ የሚደርሰው ለቅሶ ቤት ነው። ከሞት በኋላ የሚመረምረውም ሊቅ የሚያገኘው ዐመዱን ነው፤ ከዐመድ ደግሞ ቤቱ እንደ ተቃጠለ ይታወቃል እንጂ እሳቱ ከየት እንደ ተነሣ በቀላሉ አይታወቅም።

ነገሩን ለማስተዋል አስቀድሞ ሕዋስ ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። ካህናት አባቶቻችን «ሕዋሳት» ሲባል ማየትን፥ መስማትን፥ ማሽተትን፥ መቅመስንና መዳሰስን ያስባሉ። በዘመናዊ የሐኪሞች አነጋገር ግን ሕዋስ ማለት የሰውነት ሁሉ ጡብ የሆነችው፥ በዓይን የማትታየው ትንሽ ሕያው አካል ናት። ይህች ትንሽ አካል እንደ ትልቅ ቤተ ሰብ ትበላለች፤ ትጠጣለች፤ ጥራጊዋን ታወጣለች። ምግቧ ከደም የሚመጣላት ግሉኮስ የተባለው ስኳርና ከአየር የምንስበው ኦክሲጅን ነው። ምድጃዋ ማይቶኮንድሪያ ይባላል። በዚህ ምድጃ ስኳሩ ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ፥ ሕዋስዋ እንደ ገንዘብ የምትመነዝረው ኤቲፒ የሚባል የኀይል ማከማቻ ይሠራል። ሥራ ሁሉ የሚከፈለው በዚህ ገንዘብ ነው። ምግብ የሚገባበት፥ የሚነድበት፥ ኀይል የሚሆንበትና የሚወጣበት ሥርዐት በጠቅላላው ሜታቦሊዝም ይባላል።

አንጎል ከሰው ሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውየው በዕረፍት ሳለ ከሚያጠፋው ኀይል ከመቶ 20 ያህሉን ብቻውን ይበላል። የሚያስደንቀው ደግሞ እንዲህ ያለው ትልቅ በላተኛ ጎተራ የሌለው መሆኑ ነው። ጡንቻና ጉበት ለክፉ ቀን የሚያኖሩት ስንቅ አላቸው፤ የነርቭ ሕዋስ ግን የዕለት እንጀራውን ከዕለት ገበያ እየገዛ እንደሚኖር ደኻ ነው፤ ገበያው ጥቂት ደቂቃ ቢዘጋ ይሞታል። ከነርቭ ሕዋሳትም ሁሉ የጥቁር አካል ሕዋስ ወጪዋ የበዛ ነው። በ2009 የጃፓን ሊቃውንት የአንዲቱን ሕዋስ ቅርንጫፍ በአይጥ አንጎል ውስጥ ተከትለው ቢለኩት፥ ሲደመር ግማሽ ሜትር ያህል ሆኖ አገኙት። በሰውማ ከ4 ሜትር እንደሚበልጥ በስሌት ይገመታል። ይህን ሁሉ ቅርንጫፍ የምታስተዳድረው፥ እስከ ዳርቻው ድረስ ኀይል የምታደርሰው፥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት እንደ ልብ የምትመታው አንዲት ሕዋስ ናት። እንግዲህ ምድጃው ትንሽ ቢደክም አስቀድማ የምትጎዳው እርስዋ መሆንዋ ለአእምሮ የቀረበ ነው።

ይህ ግምት ወደ ማስረጃ የቀረበው በሚያሳዝን ነገር ነው። በ1982 በካሊፎርንያ ጥቂት ወጣቶች በስውር የተሠራ ሄሮይን በደማቸው ወጉ። በጥቂት ቀን ውስጥም ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ሳይናገሩና ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ዶክቶር ዊልያም ላንግስተን ከባልንጀሮቻቸው ጋር መርምረው በ1983 እንዳስታወቁት፥ በመድኀኒቱ ውስጥ በሠሪው ስሕተት የገባ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ነበረ። ይህም መርዝ ወደ አንጎል ገብቶ ከተለወጠ በኋላ ዶፓሚን በሚገባበት በር የጥቁር አካልን ሕዋስ ይገባል፤ እዚያም የማይቶኮንድሪያን የመጀመሪያ ክፍል ይዘጋል። ምድጃው ጠፍቶ ሕዋሱ ሞተ፤ ወጣቶቹም በሽማግሌ ደዌ ተያዙ። ከዚህ በኋላ በ1989 የሎንዶን ሊቃውንት በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን ጥቁር አካል መርምረው፥ መርዝ ሳይነካቸው ይኸው የምድጃው የመጀመሪያ ክፍል ደክሞ አገኙት።

በ2000 ደግሞ የአሜሪካ ሊቃውንት ሮቴኖን የተባለውን መርዝ ለአይጦች ጥቂት በጥቂት እየሰጡ ፓርኪንሰንን የሚመስል ጕዳት አመጡባቸው። ሮቴኖን ከአንዳንድ ዕፅ ሥርና ፍሬ የሚወጣ፥ ተባይንና ዓሣን የሚገድል ነው። በአገራችንም የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውኃ ላይ በመበተን ዓሣን አደንዝዞ መያዝ የቆየ ልማድ ነው፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የብርብራን ፍሬ ሲመረምሩ ይኸው ሮቴኖን በውስጡ እንዳለ አግኝተዋል። ብርብራን የነካ ሁሉ በዚህ ደዌ ይታመማል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በ2011 ስለ አሜሪካ ገበሬዎች የወጣው ምርመራ፥ በሮቴኖን ወይም ፓራኳት በተባለው የአረም መድኀኒት የሠሩት ሰዎች ካልሠሩት ይልቅ 2 ከግማሽ እጥፍ ያህል በፓርኪንሰን እንደ ተያዙ ስላመለከተ፥ የእርሻና የጤና ሹማምንት ነገሩን በቸልታ ሊያዩት አይገባም።

እነሆ ይህን ሁሉ የሰሙ ሐኪሞች «ሕዋሱ ኀይል ካጣ ኀይል እንስጠው» አሉ። ሐሳቡ ደግና ቅን ነበረ። ኮኤንዛይም ኪው 10 የሚባለውን፥ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠራውን ነገር፥ ለ600 በሽተኞች በሚሰጥ ፈተና አኖሩት፤ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ መድኀኒቱን በሁለት ልክ፥ የቀሩት የመድኀኒት አምሳያ ብቻ የወሰዱ ናቸው። ጥቅም ስላልታየበት ሥራው ከመፈጸሙ በፊት ተቋረጠ፤ ውጤቱም በ2014 ታተመ። እንዲሁም ክሬያቲን የሚባለው የኀይል መጠባበቂያ ነገር በአሜሪካና በካናዳ በ1,741 በሽተኞች ላይ ተፈተነ፤ በ2015 የታተመው ውጤት ይህም ከመድኀኒት አምሳያው ሳይሻል እንደ ቀረ ያስረዳል። ብዙ ዓመት፥ ብዙ ገንዘብ፥ ከሁሉም ይልቅ የብዙ በሽተኞች ተስፋ እንዲህ አለፈ።

በዚህ ላይ የኛን አሳብ ብንናገር፥ ጕድለቱ ከሐኪሞቹ ትጋት አልነበረም። የጎደለው መለኪያ ነው። የተሰጠው ነገር በእርግጥ ከነርቭ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ፥ ገብቶም ኤቲፒን ጨምሮ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ኀይሉ የጎደለው በሕዋሱ የትኛው ክፍል ላይ እንደ ሆነ በበሽተኛው ላይ ሊያይ የሚችል አልነበረም። አንድ አገር ገዥ በየትኛው ቀበሌ ረኃብ እንደ ገባ ሳያውቅ ስንዴውን ሁሉ በዋናው ከተማ ቢያራግፍ፥ የሰጠው ብዙ ሲሆን የተራበው ላይበላ ይችላል።

ከዚህ ቀደም ይሠራበት የነበረው የመመርመሪያ መንገድም ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር። ሊቃውንት ሚሊዮን የሚሆኑ ሕዋሳትን ሰብስበው ይፈጫሉ፤ ከዱቄቱም ኤቲፒን ወይም ስኳርን ይሰፍራሉ። ይህ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ የአንድ አውራጃ እህል ሁሉ ባንድ ጎተራ ተደባልቆ እንደ መሰፈር ነው፤ ድምሩ ይታወቃል፤ የትኛው ቤት እንደ ጠገበና የትኛው ቤት እንደ ተራበ ግን አይታወቅም። ደግሞም የተፈጨ ሕዋስ ሙት ነውና ትናንት ምን እንደ ነበረ፥ ነገ ምን እንደሚሆን አይናገርም። የምድጃው ድካም ለበሽታው ምክንያት ነው ወይስ በሌላ ምክንያት በመሞት ላይ ያለ ሕዋስ የሚያሳየው ምልክት ነው? ይህ ጥያቄ የሚፈታው አንዲቱን ሕዋስ፥ በሕይወት ሳለች፥ ከጤንነት እስከ ድካም ተከትሎ በመለካት ብቻ ነው። ማናቸው ቀድሞ እንደ ወደቀ ሳይታወቅ ለማናቸው መድኀኒት ይሰጣል?

እንግዲህ ወደ ረቂቁ መለኪያ ደርሰናል። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮነኛ እጅ ነው፤ ስሙም በጽርዕ ቋንቋ ድንክ ከሚል ቃል የወጣ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት በዚህ ልክ ሲሰፈር 80 ሺህ ያህል ይሆናል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሶር ራውል ኮፐልማን በ1992 ከባልንጀሮቻቸው ጋር ጫፉ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ያነሰ የመስተዋት ክር ሠሩ፤ በጫፉም በአካባቢው ያለውን የኮምጣጣነት ልክ የሚያመለክት ቀለም አኖሩ። ነገር ግን ክር የቱን ያህል ቢቀጥን ከውጭ የሚገባ ጦር ነውና ሕዋሱን መውጋቱ አልቀረም። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ክሩን ጥለው ጫፉን ብቻ አስቀሩ፤ ይኸውም ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር የሚሆን ድቡልቡል እንክብል ነው። ስሙንም በእንግሊዝኛ ጠጠር ማለት በሚሆን ቃል ጠሩት። ትልቁ ጠጠር እንኳ ወደ ሕዋስ ሲገባ ከሕዋሱ ይዞታ የመቶ ሺህ አንድ እጅ አይሞላም።

የጠጠሩ አሠራር ብልሃት አለበት። ቀለሙ እንዲሁ ያለ ሽፋን ቢገባ ሕዋሱን ሊመርዝ ይችላል፤ የሕዋሱም ፕሮቲን ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ሐሰተኛ ምስክር ሊያደርገው ይችላል። በጠጠሩ ውስጥ ሲዘጋ ግን ሁለቱ አይነካኩም፤ የሚለካው ጥቃቅን ነገር ብቻ፥ ኦክሲጅን ቢሆን ካልሲየም ቢሆን፥ በሽፋኑ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ቀለሙ ይደርሳል። ደግሞም በአንዱ ጠጠር ውስጥ ሁለት ቀለም ይገባል። አንደኛው የሚለካው ነገር ሲበዛና ሲያንስ ብርሃኑ የሚለወጥ ምስክር ነው፤ ሁለተኛው ምንም ቢመጣ የማይለወጥ የሚዛን ድንጋይ ነው። ተመልካቹ በማይክሮስኮፕ ሁለቱን እያነጻጸረ ልኩን ያነባል፤ መብራቱ ቢደክም ወይም ጠጠሩ ቢርቅ ሁለቱም እኩል ስለሚደክሙ ሚዛኑ አይዛባም።

ሌሎች ሊቃውንት ሌላ መንገድ ያዙ። ሌላንድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ በ1956 ኦክሲጅንን በኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ፥ በ1962 በዚያው ላይ ስኳርን የሚያውቅ ኤንዛይም ጨምሮ ነበር፤ ዛሬ የስኳር በሽተኞች ደማቸውን የሚለኩበት ብልሃት የዚያ ልጅ ነው። ይህንኑ አሳብ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ክሩዝ ያሉት ሊቃውንት አፉ ከ100 ናኖሜትር እስኪያንስ በሳቡት የመስተዋት ቧንቧ ጫፍ ላይ አድርገው፥ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያለውን ስኳር ለክተውበታል። በዚህ ዓይነት ቧንቧ ሕዋስዋን ሳይገድሉ ማይቶኮንድሪያን ከውስጥዋ ቀድቶ ማውጣትም በ2014 ተችሏል። በሆላንድ በግሮኒንገን ደግሞ የአልማዝ ትቢያ ይጠቀማሉ። በአልማዙ ውስጥ ከካርቦኑ አንዱ ወጥቶ፥ ከጎኑ ናይትሮጅን የገባበት ስፍራ አለ፤ አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ የሚመልሰውም ብርሃን ሁኔታ በአጠገቡ ባሉት ፍሪ ራዲካል በሚባሉት ነገሮች መጠን ይለወጣል። እነዚህ ከምድጃው እንደሚወጣ ፍንጣሪ ሲሆኑ፥ ሲበዙ የሕዋሱን ግድግዳ ያቃጥላሉ። በ2021 እነዚህ ሊቃውንት የአልማዙን ትቢያ በአንድ ማይቶኮንድሪያ ላይ አሳርፈው፥ የዚያን የአንዱን ምድጃ ፍንጣሪ ለብቻው እንደ ለኩ አስታወቁ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን ሰው ያልቀረጸው፥ ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው መለኪያ ነው። በጨለማ የምታበራዋ ጥንዚዛ ብርሃን የምትሰጠው ሉሲፈሬዝ በሚባል ፕሮቲን ነው፤ ይህም ፕሮቲን ለማብራት ኤቲፒን ይበላል። እንግዲህ ኤቲፒ ባለበት መጠን ብርሃን ይሆናል ማለት ነው። የዚህን ፕሮቲን ትእዛዝ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ቢያገቡት፥ ሕዋሱ ኀይሉን በብርሃን ይቈጥራል። በኒው ዮርክ ያሉት ፕሮፌሶር ቲሞቲ ራያንና ረዳቶቻቸው በ2014 ይህን መለኪያ በነርቭ ጫፍ፥ አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት በሚያቀብልበት መጋጠሚያ ላይ አኖሩት። ያገኙትም ይህ ነው፤ መጋጠሚያው ሥራ ሲበዛበት በዚያው በስፍራው ኤቲፒን ወዲያው ይሠራል፤ ይህ ሥራ ቢከለከል መጋጠሚያው መልእክት ማስተላለፉን ሊቀጥል አይችልም፤ የቆየው ስንቅ ለብዙ ጊዜ አይበቃውም። ጎተራ የሌለው ደኻ ያልነው በሚዛን ተረጋገጠ። የችግሩም ስፍራ ከግንዱ ይልቅ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ።

ይህ መንገድ ወደ በሽታው ራሱ የሚያደርስ ሆኗል። በ2019 በአሜሪካ በአይዋና በቤይጂንግ ያሉ ሊቃውንት አንድ ላይ ሆነው እንዳስታወቁት፥ ቴራዞሲን የሚባል ለደም ብዛትና ለፕሮስቴት እብጠት የሚሰጥ የቆየ መድኀኒት፥ ፎስፎግሊሰሬት ካይኔዝ የተባለውን ስኳርን ወደ ኀይል በመለወጥ ሥራ የሚያገለግል ኤንዛይም ያበረታል። በአይጥና በሌሎች ትንንሽ ፍጥረታት ላይ ሕዋሳቱን እንደ ጠበቀ አዩ። የሐኪም ቤት መዝገብ ሲመለከቱም፥ ይህን መድኀኒት ለሌላ ምክንያት የወሰዱት ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ ያለውን ሌላ መድኀኒት ከወሰዱት ይልቅ በፓርኪንሰን የተያዙት ጥቂት ሆነው አገኙ። በ2024 ደግሞ ፕሮፌሶር ራያንና ባልንጀሮቻቸው በዚያው በነርቭ ጫፍ በሚደረገው ልኬት ይህ ኤንዛይም የጠባቡ በር መክፈቻ መሆኑን አሳዩ፤ ጥቂት ብቻ ቢጨመር፥ ስኳር ባነሰበት ጊዜ እንኳ ኤቲፒ በቶሎ ይሠራል፤ መጋጠሚያውም ሥራውን አያቋርጥም። በዘር ከሚወረሱት የፓርኪንሰን ምክንያቶች አንዳንዶቹም ከዚሁ ኤንዛይም ጋር የሚገናኙ ሆነው ተገኝተዋል። በ2014ና በ2015 ከታተሙት ፈተናዎች ጋር ልዩነቱን አንባቢ ያስተውል፤ በእነዚያ ኀይል ተሰጠ፤ የት እንደ ደረሰ ግን በሕዋሱ ውስጥ የተለካ አልነበረም። በዚህ ግን ጕድለቱ የሚገኝበት ስፍራ በመለኪያ ተፈልጎ ነው ስለ መድኀኒቱ የሚነገረው።

መለኪያው ግን ያለ ነቀፋ አይደለም፤ ነቀፋውንም መሸሸግ አይገባም። አንደኛ፥ ወደ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ቤቱ እንደ ወትሮው እንዳይሆን ማድረጉ አይቀርም። ጠጠሩ ወይም አልማዙ ሕዋሱ ጥራጊ በሚያቃጥልበት ከረጢት ውስጥ ተውጦ ሊቀር፥ የሚለካውም ያንን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኤቲፒን የሚበላ መለኪያ ደግሞ የሚለካውን ራሱን መቀነሱ ነው። ሁለተኛ፥ ብርሃን ቍጥር አይደለም። ብርሃኑ ወደ ቍጥር የሚለወጠው አስቀድሞ በሚታወቅ ልክ ሲፈተን ነው፤ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ የተፈተነውም በሕዋሱ ወፍራም ውኃ ውስጥ እንደዚያው ላይናገር ይችላል። በ2018 በፓሪስ ያሉ ሊቃውንት ከሙቀት ጋር ብርሃኑ የሚለወጥ ቀለም ወደ ማይቶኮንድሪያ አግብተው፥ ምድጃው ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግራድ የሚጠጋ ሙቀት እንዳለው ጻፉ። የፊዚክስ ሊቃውንት ግን ከሕዋስ ውስጥ የሚወጣውን ሙቀት አስልተው፥ እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት በዚያች ትንሽ ስፍራ ሊቆይ አይችልም፥ የተለወጠው ምናልባት የቀለሙ ጠባይ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኛም ወደ ሁለቱም አናዘነብልም፤ ነገር ግን ሚዛኑን የሚመዝን ሌላ ሚዛን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ችግር የሕያው አንጎል ሕዋስ ከበሽተኛ ተቈርጦ ሊወሰድ አለመቻሉ ነው። ለዚህ የጃፓኑ ፕሮፌሶር ሺንያ ያማናካ ትልቅ በር ከፈቱ። በ2006 በአይጥ፥ በ2007 በሰው፥ ከቆዳ የተወሰደ ሕዋስ ወደ መጀመሪያው የልጅነት ጠባዩ ተመልሶ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ፤ ስለዚህም በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ከፓርኪንሰን በሽተኛ ክንድ ጥቂት ቆዳ ተወስዶ ዶፓሚን የሚሠራ ሕዋስ ይሆናል፤ መለኪያውም በዚያ ውስጥ ይገባል። ሰውየው በቤቱ ሲኖር፥ የራሱ የሆነው የነርቭ ሕዋስ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ኀይሉን በብርሃን ይናገራል። ነገር ግን ቆዳው ወደ ልጅነት ሲመለስ የ60 ዓመቱን ሽማግሌ ዕድሜ ጥሎ ይመለሳል፤ በሽታው ደግሞ የሽምግልና ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ሕዋሱን በሮቴኖን ወይም በሌላ ጭንቀት እየፈተኑ፥ የጤነኛው ሰውና የበሽተኛው ሕዋስ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደሚደክሙ ይመለከታሉ። ሥራው አሁን ያለው በዚህ ደረጃ ነው፤ ማናቸው አስቀድሞ እንደሚወድቅ፥ ኤቲፒው ነው ወይስ ካልሲየሙ ወይስ ፍንጣሪው፥ ባንድ ሕዋስ ውስጥ ሦስቱን አብሮ የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት ይደክማሉ።

ስለ ቴራዞሲን የሰማ ሰው ግን ወደ መድኀኒት ቤት እንዳይቸኵል እንለምናለን። የመዝገብ ምስክርነት የፈተናን ስፍራ አይተካም፤ በሰው ላይ እስካሁን የተደረጉትም ፈተናዎች ጥቂት በሽተኞችን የያዙ ናቸው። ከዚህም በላይ መድኀኒቱ የደምን ግፊት ዝቅ የሚያደርግ ነው። የፓርኪንሰን በሽተኛ ደግሞ ከመኝታው ሲነሣ ግፊቱ በራሱ እየወረደ ራሱን የሚያዞረው፥ የሚወድቅም ብዙ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተወሰደ እንደ ሆነ ኀይል ይሰጣል የተባለው መድኀኒት ሽማግሌውን ከደጃፉ ሊጥለውና ዳሌውን ሊሰብረው ይችላል።